ዛፉ ምን ይላል? ስለ አንድ ልቦለድና ስለ አንባቢዎቹ



ሁለት ሰዎች አንብበውት ሲነጋገሩ ያነበቡት አንድ መጽሐፍ የማይመስልበት ጊዜ አለ። አንዱ «ሕይወቴን ለወጠው» ይላል፤ ሌላው «ሃያ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት» ይላል። አሜሪካዊው ጄምስ ሬድፊልድ የጻፈው «ዘ ሰለስታይን ፕሮፌሲ»፣ ማለትም «የሰለስታይን ትንቢት» የተሰኘው ልቦለድ እንዲህ ካሉት መጻሕፍት አንዱ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1993 በራሱ ወጪ አሳትሞ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ እያወጣ ሲሸጥ ቆየ፤ በ1994 ዋርነር ቡክስ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ተረከበውና በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የብዙ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ሰነበተ። በ2006 ደግሞ ፊልም ተሠራበት። መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል፤ እንግሊዝኛ ከሚያነቡ ልጆቻችን እጅም ይገባል። ስለሆነም ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን አንባቢዎቹ ስለሚሉትም ጭምር ብንነጋገር መልካም ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ አሜሪካዊ ለብዙ ጊዜ ተለይታው ከቆየች ወዳጁ ጋር ይገናኛል። እርሷም በፔሩ አንድ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ መገኘቱን ትነግረዋለች። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ የሰው ልጅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተራ በተራ ስለሚደርስባቸው ዘጠኝ ግንዛቤዎች ይተነብያል። ሰውየው ወደ ፔሩ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ወታደሮች ያሳድዳሉ፣ አንድ ካርዲናል ጽሑፉን ለማጥፋት ይጥራል፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው ያመልጣል። በየማምለጫው መካከል አንድ ሰው ይመጣና ቀጣዩን ግንዛቤ ያስረዳል። ቪሲየንቴ በተባለ ማረፊያ ያሉ ተመራማሪዎች በዛፎችና በአትክልት ዙሪያ የብርሃን ኃይል እንዳለ ይናገራሉ፤ ተራኪውም ዓይኑን እያለማመደ ያን ብርሃን ማየት ይጀምራል። ተራራ ላይ ብቻውን ሆኖ ፍጥረት ሁሉ ከእርሱ ጋር አንድ እንደሆነ የሚሰማው ክፍል የመጽሐፉ ልብ ነው ማለት ይቻላል።

ነቃፊዎቹ በቅድሚያ የሚያነሱት አጻጻፉን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሥጋና ደም የላቸውም፣ ሁሉም በአንድ አንደበት ይናገራሉ፣ ብቅ የሚሉት ትምህርት ለመስጠት ብቻ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ትምህርት መስማት አይሰለቸኝም፤ ነገር ግን ወታደር እያባረረው ቆሞ ደርስ የሚያዳምጥ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ሌሎቹ የታሪክ ስሕተቱን ያነሳሉ። ልቦለዱ በፔሩ ያለውን የሰለስታይን ፍርስራሽ የሠሩት ማያዎች ናቸው ይላል። ማያዎች ግን የኖሩት በዛሬዎቹ ጓቴማላ፣ ቤሊዝ፣ ደቡባዊ ሜክሲኮና ሆንዱራስ አካባቢ እንጂ በፔሩ አልነበረም። የእጅ ጽሑፉ ቋንቋ ደግሞ የሻምና የኢራቅ ምድር ቋንቋ የነበረው አራማይክ ነው ተብሏል። ይህ ሁሉ ሲነሳ የመጽሐፉ ወዳጆች «ልቦለድ እኮ ነው!» ብለው ይመልሳሉ። እኔም በዚህ መልስ በተስማማሁ ነበር። ይሁንና እነዚያው ሰዎች ግንዛቤዎቹን እንደ ሕይወት መመሪያ ወስደው በቡድን እየተሰበሰቡ ያጠኗቸዋል፤ ደራሲውም በ1995 ከካሮል አድሪየን ጋር ሆኖ የመለማመጃ መጽሐፍ አውጥቶላቸዋል። ሲነቀፍ ልቦለድ፣ ሲወደስ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ሁለቱንም ሊሆን አይገባውም። መመሪያ ከሆነ እንደ መመሪያ ይመዘን።

አመስጋኞቹን አንባቢዎች ግን ማቃለል አልፈልግም። የሚናገሩት ስለ አጻጻፉ ውበት አይደለም። «መጽሐፉ በትክክለኛው ሰዓት ደረሰልኝ፣ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ መተንፈስ ቻልኩ» ነው የሚሉት። እንዲህ የሚል ሰው ተርቦ ነበር ማለት ነው። የበላው ምግብ ምን እንደሆነ መመርመር ተገቢ ነው፤ ረሃቡን መካድ ግን ተገቢ አይደለም።

ይህን የምለው በሩቅ ላሉ ሰዎች ብቻ አይደለም። አንድ አባት መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡና «ኡስታዝ፣ ይህን ላቃጥለው ወይስ ምን ላድርገው?» አሉኝ። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። መጽሐፉን ካነበበ ወዲህ ሱብሒን እያሳለፈ፣ ማለዳ ማለዳ ከግቢያቸው አቮካዶ ዛፍ ሥር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጁን ሳነጋግረው አልደበቀኝም። «ኡስታዝ፣ ሶላት ላይ ስቆም የማስበው መቼ እንደሚያልቅ ነው። ዛፉ ሥር ስቀመጥ ግን ሰዓቱ አይታወቀኝም» አለኝ። ከነቃፊዎቹ ቃል ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ለአባቱ «አያቃጥሉት፤ አብራችሁ አንብቡት» አልኳቸው። እርሳቸው እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ከመግሪብ በኋላ ልጁ እየተረጎመ ሊነግራቸው ተስማማን።

በአጋጣሚም በመጽሐፉ ውስጥ ለአባትና ለልጅ የሚሆን ነገር አለ። ሬድፊልድ ከመጻፉ በፊት በደል የደረሰባቸውን ወጣቶች ለብዙ ዓመታት በማማከር ሠርቷል። ይህ ልምዱ የሚታይበት ክፍል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ የተሻለው ነው። ሰዎች አንዱ የሌላውን ትኩረትና ኃይል ለመውሰድ በአራት መንገድ ይታገላሉ ይላል፤ አንዱ ያስፈራራል፣ አንዱ ጥፋት ፍለጋ ይመረምራል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይርቃል፣ አንዱ ደግሞ «ወይ እኔ የተበደልኩት» እያለ ያለቅሳል። መርማሪ ወላጅ ራሱን የሚደብቅ ልጅ ያፈራል፤ አስፈራሪ ወላጅ አልቃሻ ልጅ ያፈራል። «የት ነበርክ? ከማን ጋር? ለምን ዘገየህ?» በሚባልበት ቤት ያደገ ልጅ መልሱን እያሳጠረ፣ እያሳጠረ ሄዶ በመጨረሻ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህን ለማወቅ ፔሩ ድረስ መብረር ባያስፈልግም፣ ደራሲው በደንብ አስቀምጦታል። ልጁ እንደነገረኝ፣ አባቱ ይህን ክፍል ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ቀጥል» አሉት።

በሌላው ጉዳይ ላይ ግን ከመጽሐፉ ጋር እንለያያለን። የመጀመሪያው ግንዛቤ አጋጣሚ ሁሉ ትርጉም አለው፣ ተከተለው የሚል ነው። አንባቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን ነው። ሙስሊምም በከንቱ የሚሆን ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ ሁሉም በአላህ ቀደር ነው። ሆኖም ነገሩ በቀደር መሆኑን ማመንና ነገሩን እንደ ትእዛዝ ማንበብ ለየቅል ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመልካም ቃል ደስ ይሰኙ ነበር፤ ገድን ግን ከልክለዋል። በልቦለዱ ውስጥ አንድ ሰው ዓይኑን ጣል ካደረገብህ መልእክት አለው ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ ሦስት ጊዜ የተያዩ ወጣቶች በዚህ ሒሳብ ተጋብተው ያርፋሉ! እንዲህ ሲታሰብ ዓለም በሙሉ ስለ እኔ ለመናገር የተሰለፈ ይመስላል። አማክሮ፣ አስቦ፣ ኢስቲኻራ ሰግዶ የሚወስን ሰው ግን ውጤቱ ካሰበው ቢለይም የሚወቅሰው ምልክት የለውም።

ወደ ዛፉ ልመለስ፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና። ቁርኣን ወደ ፍጥረት እንድንመለከት ደጋግሞ ይጋብዘናል፤ ወደ ግመሏ አፈጣጠር፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ተራሮቹ፣ ወደ ምድሪቱ። ስለዚህ ልጁ ዛፍ ሥር መቀመጡ ነውር አይደለም። ጥያቄው ዛፉን እንደ ምን ያያል የሚለው ነው። በሬድፊልድ መጽሐፍ ዛፍ የኃይል ምንጭ ነው። ውበቱን አድንቅ፣ ፍቅር ይሰማህ፣ ኃይሉም ወደ አንተ ይፈስሳል ይላል። ሰው ከሰው ኃይል መስረቁን ትቶ ከዛፍ ይቅዳ ነው ነገሩ። ይህ ከስርቆቱ ይሻላል፤ ቢሆንም ዛፉ አሁንም ለእኔ ጉዳይ የቆመ ዕቃ ነው። ቁርኣን ግን ሰባቱ ሰማያት፣ ምድርና በውስጣቸው ያለ ሁሉ አላህን እንደሚያጠራ፣ እኛ ግን ማጥራታቸውን እንደማናስተውል ይነግረናል። በዚህ አነጋገር አቮካዶው እኔ ሳልደርስ ዚክር ላይ ነበር፤ ስሄድም ይቀጥላል። ልጁ ሱብሒን አሳልፎ ዛፉ ሥር ሲቀመጥ፣ እየሰገደ ካለ ጎረቤቱ አጠገብ ሳይሰግድ ተቀምጧል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያም «ታዲያ እኔ ስሰግድ ለምን አይሰማኝም?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ ቦታ ልጆቻችን የሶላትን ማዕዘናት ቆጥረው ይማራሉ፤ የማስተንተን ትምህርት ግን ሰዓት አልተመደበለትም። ሰማዩን ሳናሳያቸው ስለ ሰማይ የሚናገሩ አንቀጾችን እናስሐፍዛቸዋለን። ባዶ የተተወውን ቦታ ሬድፊልድ ቢሞላው ምን ይደንቃል?

ደግሞም በዚህ መስክ ድሆች አልነበርንም። በ1185 ማራከሽ ውስጥ ያረፈው የአንደሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ቱፈይል «ሐይ ኢብን የቅዛን» የተባለ ታሪክ ጽፏል። ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ አጋዘን አጥብታ ያሳደገችው ልጅ ነው። እናቱ የሆነችው አጋዘን ስትሞት ከውስጧ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ይመረምራል፤ ከዚያ እሳትን፣ እንስሳትን፣ ከዋክብትን እየተመለከተ፣ እያሰላሰለ ፈጣሪ እንዳለ ይደርስበታል። ይህም ተፈጥሮና መንፈሳዊ ፍለጋ የተገናኙበት ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1671 ኤድዋርድ ፖኮክ በላቲን ተርጉሞት በኦክስፎርድ ታተመ፤ በ1708 ሳይመን ኦክሊ ከዐረብኛው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ሐይ ከዕፅዋት ጋር ያለው አኗኗር ነው። ፀሐይ የተጋረደባትን ተክል ካየ ጋራጁን ያነሳላታል፤ ሌላ ሐረግ ከተጠመጠመባት ሳይጎዳ ይፈታታል፤ ውሃ ከጠማት ያጠጣታል። ሲበላም የበሰለውን ፍሬ ይመርጣል፤ ዘሩንም ሊበቅል በማይችልበት ቦታ አይጥለውም። ከዛፉ የሚቀዳው ኃይል የለም፤ ዛፉን ይጠብቃል። ኋላም አብሳል የተባለ ሰው ወደ ደሴቱ መጥቶ ስለ ነቢይና ስለ ሸሪዓ ሲነግረው፣ ሐይ «እኔ ብቻዬን ደርሻለሁ» አላለም፤ አምኖ ሶላቱንም ጾሙንም ተቀበለ። እርግጥ ነው፣ አእምሮ ብቻውን ምን ያህል ይደርሳል በሚለው ላይ መጽሐፉ የሚያስነሳው ክርክር አለ፤ ወጣቶች ሊከራከሩበት የሚገባም ነው።

ለልጁ የሰጠሁት ይህንኑ የኦክሊን ትርጉም ነው። እንግሊዝኛው ያረጀ በመሆኑ ዝግ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል፤ ስለ ዕፅዋቱ የሚናገሩት ገጾች ግን ጥቂት ናቸውና በአንድ ምሽት ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። ትንንሽ ልጆች ካሉ አጋዘኗ የምትከፈትበትን ክፍል ለታላላቆቹ ማቆየት ይሻላል።