ድንበር የሚያስከብሩ ብናኞች

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ማረሻ ሲዶለዱም ወደ ብረት ቀጥቃጭ ይወሰዳል። ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ይግላል፤ ቀጥቃጩም የግለቱን ልክ ከቀለሙ ይለያል። ልክ ማወቁ ትልቅ ጥበብ ነው። ብረት ከጥቃቅን ክሪስታሎች የተገነባ በመሆኑ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየዋጡ ያድጋሉ፤ ሲገዝፉም ብረቱ ለመሰበር ይቀርባል።

ይህን ስውር ሂደት በኮምፒውተር ማየት መቻላችን እጅግ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ የኤክሶን ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ ውበቱ ቀላልነቱ ነው። ብረቱ በነጥቦች መረብ ይወከላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ የክሪስታሉን አቅጣጫ የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። ኮምፒውተሩ አንዱን ነጥብ በዕጣ መርጦ የጎረቤቱን ቁጥር ሊሰጠው ይሞክራል፤ በክሪስታሎቹ መካከል ያሉት ድንበሮች ጉልበት ካልጨመረ ለውጡ ይጸድቃል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ክሪስታሎቹ በስክሪኑ ላይ ሲያድጉ ይታያሉ።

ቁጥራቸው ፈጽሞ የማይለወጥ ነጥቦች ሲጨመሩ ግን ግስጋሴው ይገታል። እነዚህ በአንዳንድ የባሌስትራ ብረቶች ውስጥ እንዳለው ቫናዲየም ካርባይድ ያሉ ጠጣር ብናኞችን ይወክላሉ። የፊዚክስ ሊቁ ክላረንስ ዜነር ያፈለቀው፣ የብረታ ብረት ተመራማሪው ሲሪል ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ብናኞቹ ባነሱና በበዙ ቁጥር የክሪስታሎቹን ድንበር አጥብቀው ይይዛሉ።

ብረት ሳይቀልጥ፣ ከሰል ሳይነድ፣ የብናኙን መጠንና ብዛት እየቀያየሩ ውጤቱን መመርመር ትልቅ ጸጋ ነው። ባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣት በተራ ላፕቶፕ ፕሮግራሙን ጽፎ ሊያስኬደው ይችላል። ጥልቅ እውቀትን ለብዙ ሰው እጅ የሚያቀርብ ሳይንስ ሊመሰገን ይገባዋል።