ጠርሙሱን ተዉትና ሞራውን መርምሩ

ከወንዝ አንድ ጠርሙስ ውሃ ተቀድቶ ላብራቶሪ ገብቶ «ዲዲቲ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲመጣ እፎይ ትላላችሁ? እኔ አልልም። «አልተገኘም» ማለት መጠኑ መሣሪያው ማንበብ ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። የማንበቢያው ወሰን ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ ወረቀቱ ምንም አልነገራችሁም።

የባሰው ግን ጠርሙሱ ነው። ዲዲቲና መሰሎቹ፣ ማለትም በቀላሉ የማይበሰብሱ ኦርጋኒክ በካዮች፣ ውሃ ይሸሻሉ፤ ስብ ይወዳሉ። ዘይት መሰል ፈሳሽና ውሃ አንድ ላይ ብታቀርቡለት በዘይቱ ውስጥ ያለው የዲዲቲ ክምችት ከውሃው በሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። ከወንዙ ወጥቶ ደለል ላይ ይለጠፋል፣ የእንስሳ ስብ ውስጥ ይገባል። የሰውም ጭምር፦ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናት ጡት ወተትና ከላም ወተት ዲዲቲ አግኝቷል። ለወባ ሲባል ቤት ለቤት ለአሥርተ ዓመታት የተረጨ ነገር ነውና አይግረማችሁ።

የባሕር ዳርቻ ተመራማሪዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ኤድዋርድ ጎልድበርግ በ1975 ያቀረበው ሐሳብ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ሙስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ መመርመር ነበር፤ አሜሪካ በ1986 በመላ ጠረፏ ጀመረችው። እኛ ባሕር የለንም፤ የአዲስ አበባን ወንዞች የሚቀበለው አዋሽ እንኳ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቄራ ግን አለን። እዚያ ከሚታረደው በሬ ትንሽ ቁራጭ ሞራ ብትወስዱ፣ በሬው የጋጠውንና የጠጣውን የዓመታት መዝገብ ያዛችሁ ማለት ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። ሞራው በሄክሳን ይሟሟል፤ ከዚያ ስቡ ራሱ መወገድ አለበት፣ አለዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፉን ያበላሻል። ብዙዎች በሰልፈሪክ አሲድ ያጸዱታል። ዲዲቲ አሲዱን ይችለዋል፤ ዲልድሪን ግን እዚያው ይጠፋል። በአሲድ አጽድቶ «ዲልድሪን አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ካያችሁ፣ በሉ ሳቁ።

በራሴ ሐሳብ ላይም ትችት አለኝ፦ ሙስል ካለበት አይነቃነቅም፣ በሬ ግን ይነዳል፣ በመኪና ይጫናል። ቄራ የደረሰው ከቦረና ይሁን ከሐረር ሞራው አይናገርም። ላም ደግሞ በወተቷ ታወጣዋለች፤ የደለበ ሰንጋም አዲስ ስብ ስለሚጨምር የቆየው ይቀጥናል። ስለዚህ ናሙናው ከረጢት ላይ የተገዛበት ገበያ፣ ጾታው፣ ከጥርሱ የተገመተ ዕድሜውና የደለበበት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ ይህም የሚጠየቀው ከነጋዴው ነው፣ በሬው ከመታረዱ በፊት።