ያልታተመ ዕውቀትና ውክፔዲያ

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ኢንሳይክሎፔዲያው ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉም ከኃላፊው ኪስ አይወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 በኢንተርኔት የተጀመረው ውክፔዲያ ግን ቁልፉን ለሁሉ ሰጠ ይባላል፤ የወደደ ያነባል፥ የቻለ ይጽፋል፥ ያወቀም ያርማል። ይህን አባባል ጥቂት ልንመረምረው እንወዳለን።

አንዳንድ መምህራን ማንም የጻፈው አይታመንም ይላሉ። ኔቸር የተባለው መጽሔት በ2005 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ቢያስመረምር በውክፔዲያ በአማካይ 4፥ በብሪታኒካ 3 ያህል ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካ ምርመራውን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ቢሆንም ልዩነቱ እንደ ተፈራው አልነበረም። ነገር ግን ይህ የእንግሊዝኛው ነው፤ የሚጠብቀውም የአራሚዎቹ ብዛት ነው። አራሚ ሲጠፋ የሚሆነውን የስኮትስ ቋንቋ እትም አሳይቷል። በ2020 እንደ ታወቀው፥ ቋንቋውን በደንብ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ሲጽፍ የከለከለው አልነበረም።

የአማርኛውም እትም ጸሐፊዎች ጥቂት ናቸው። ከገጾቹ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ተረትና ምሳሌ የያዙ ናቸው። ይህን ስናይ በመጀመሪያ ደስ አለን፤ የሕዝቡ ዕውቀት በሕዝቡ እጅ ተጻፈ አልን። ብንከፍታቸው ግን ብዙዎቹ የአማርኛ ምሳሌ መሆኑን ከመናገር አያልፉም። ማን ለማን፥ በምን ጊዜ እንደሚተርተው የለም። ሽማግሌ በዕርቅ ላይ የሚያወጣውን ምሳሌ ከዕርቁ ለይቶ ማስቀመጥ፥ ለእኛ እንደሚመስለን፥ ፍሬውን ትቶ ገለባ እንደ መከመር ነው።

ጉድለቱ የጸሐፊዎቹ ብቻ አይደለም። የውክፔዲያ ደንብ የታተመ ማስረጃ ይጠይቃል። ሐሰትን ለመከላከል የተሠራ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም 60 ዓመት ያረሰ ገበሬ ስለ ዘር የሚያውቀው፥ ስላላሳተመው፥ ለምስክርነት አይበቃም። አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ መጥቶ ያንኑ ገበሬ ጠይቆ ቢያሳትመው ግን ይበቃል። ታዲያ ቁልፉ ከኃላፊው ኪስ ወደ አሳታሚው ኪስ ገባ እንጂ ለሁሉ ተሰጠ ማለት ይቻላልን?

ደንቡን ማፍረስ መፍትሔ አይመስለንም። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የባላገሩን ቃል በድምፅ ቀርጾ እንደ ማስረጃ ለመጥቀስ ተሞክሯል። የተናጋሪው ማንነት፥ ስፍራውና ቀኑ ከተጻፈ፥ የተጠራጠረ ሰው ራሱ ሰምቶ ሊፈርድ ይችላል። ለዚህም በእጃችን ያለው ስልክ ይበቃል። እኛ ግን ለበዓል አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ የምንጽፈው ከመጽሐፍ የቀዳነውን ነው። ለሚመጣው ፋሲካ አንዲት ምሳሌ ከነአገባቧ ቀርጸን ለማምጣት አስበናል፤ አራሚዎቹ ይቀበሏት ወይም ይሰርዟት እንደ ሆነ በዚሁ መጽሔት እናስታውቃለን።