«ጽኑ» የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍና በብዕራችን

በግጥሞቻችን፣ በተውኔቶቻችንና በመግለጫዎቻችን ውስጥ ያለ ልክ ከሚደጋገሙት ቅጽሎች አንዱ «ጽኑ» የሚለው ነው። ትግሉ ጽኑ ነው፤ ፍቅሩ ጽኑ ነው፤ አቋሙ ጽኑ ነው፤ ተቃውሞውም «በጽኑ» ይገለጻል። አንድ ቃል ለሁሉ ነገር ሲያገለግል ለአንዱም በቅጡ ማገልገሉን ያቆማል። ስለሆነም የዚህን ቃል ፍቺና የዕለት አገልግሎት መመርመር የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሕዝብ መከራ የሚጽፍ ከያኒ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው። «ጸንዐ» ማለት በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። ጾም «ጦም»፣ ጸሎት «ጠሎት» እንደሚባል ሁሉ «ጸና»ም በአማርኛ አፍ «ጠና» ሆኗል። ከዚህ አንድ ሥር የበቀሉት ቅርንጫፎች ግን ብዙ ናቸው። በሽታ ይጠናል፤ ሰው በዕድሜው ጠና ይላል፤ ተማሪ ትምህርቱን ያጠናል፤ ሐዘንተኛ ይጽናናል። «ጤና» በድምፅ ቢቀርበውም ከሌላ ሥር፣ ከግዕዙ «ጥዒና» የመጣ በመሆኑ ከዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባደራጁት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዓይነት የትምህርት ቦታ «ማጽናት» ማለት ቃሉን በልብ አጥብቆ መያዝ ነበር። ዛሬ «ጥናት» የምንለው የመጣው ከዚሁ ነው።

እንግዲህ በሐይቅና በአምባሰል ገበሬ አነጋገር ቃሉ እንዴት እንደሚውል እንመልከት። ገበሬው «ጽኑ ሕመም» ወይም «ጽኑ ድርቅ» ማለትን አያዘወትርም። የሚለው «ሕመሙ ጠናበት»፣ «ድርቁ ጠናብን» ነው። ልዩነቱ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች «በት» እና «ብን» በምትባል ቅጥያ ውስጥ ነው። ቅጥያዋ መከራው በማን ላይ እንደ ወደቀ ሳትናገር አታልፍም። «ጽኑ ድርቅ ተከሰተ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ሰው የለበትም፤ የተራበው ማን እንደ ሆነ ሳይጠቅስ ይጀምራል፣ ሳይጠቅስም ያበቃል።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይበልጣል። በእነዚህ አውራጃዎች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለቅሶ የሚደርሰው በጋራ ነው። አንዱ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ሌላው «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ይላል። መከራው «ጠና» በተባለበት በዚያው ቃል የመከራው ተሸካሚም «ይጥና» ተብሎ ይመረቃል። ይኸውም ሸክሙና ትከሻው በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ ማለት ነው። ሕዝቡ ለጽናት ያለው አስተያየት በዚህ የቃል አሠራር ውስጥ ተቀምጧል፤ ጽናት ከመከራው በፊት የሚታወጅ ሳይሆን ከመከራው ጋር እኩል ሆኖ የሚገኝ ነገር ነው።

ቃሉ በመሥሪያ ቤት ቋንቋም ሕጋዊ ቦታ አለው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ «ቀላል እሥራት»ን ከ«ጽኑ እሥራት» ለይቶ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ልዩነቱን ጠብቆ ጽኑ እሥራትን በመደበኛው ከአንድ እስከ 25 ዓመት ወስኖታል። በሐኪም ቤትም «ጽኑ ሕሙማን» የሚባሉት ልዩ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ሕጉም ሐኪሙም ቃሉን ሲጠቀሙ ልክ አስቀምጠውለታል። ገጣሚው ግን ልኩን ትቶ ክብደቱን ብቻ ይበደራል። የጥፋቱ ምንጭ ይህ ነው።

የቃል ክብደት ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማወቅ ከአምባሰል መራቅ አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ፣ በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተወሰደ። ፈቃድን ከግዴታ የሚለየው አንድ ግሥ እስከ 1888ቱ የዐድዋ ጦርነት አድርሷል። በዚህ መሬት ላይ ቃልን እንደ ጌጥ መቁጠር አይቻልም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኃብ በጊዜው መንግሥት ዝምታ ተሸፍኖ ነበር። 1977 ዓ.ም.ም ከሕዝቡ ትዝታ አልወጣም። ስለ እነዚህ ዓመታት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ዝምታውን በጩኸት ለመካስ እንሞክራለን። «ጽኑ ረኃብ»፣ «ጽኑ ሰቆቃ» እያልን መስመር እንሞላለን፤ ተዋናዩም ቃሉን ከመድረኩ ላይ ይጮኸዋል፤ ተመልካቹ ግን አንድም የተራበ ሰው ሳያይ ወደ ቤቱ ይገባል። ሕዝቡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰበትን እልቂት የሰየመው «ክፉ ቀን» ብሎ ነው። ሁለቱም ቃላት ሕፃን የሚያውቃቸው ናቸው፤ መቶ ዓመት አልፎም አልደበዘዙም።

«ሕዝብን ለማነሣሣት ብርቱ ቃል ያስፈልጋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ብርታቱ ከቅጽል ብዛት አይገኝም። አምባሰል በሚባለው ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ በዚያች ጠባብ ቦታ ቆይቶ ነው ወደ ሰፊው የሚዘልቀው። እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያን በዚህ ቅኝት የሰውን ልብ የነኩት በጩኸት አይደለም።

ስለዚህ «ጽኑ»ን ከጽሑፋችን እናስወግድ ማለታችን አይደለም። ተፈትኖ ላልወደቀ እምነት፣ ሸክሙ ለታየ ትከሻ ቃሉ ይገባል። ከመጻፋችን በፊት ግን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ የጠናው በማን ላይ ነው? የጸናውስ ማን ነው? መምህሩ ለተማሪው፣ ካድሬው ለመግለጫው፣ ደራሲው ለገጸ ባሕርዩ ይህን መመለስ ካልቻለ ቅጽሉን ሰርዞ ሰውየውን ይጻፍ።