የአጥንት ብረትና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፦ የአይጥ ጥናት ለጎጃም ታካሚ ምን ይፈይዳል?

የተሰበረ አጥንት በብረት ከተያዘ በኋላ ለታካሚው ለሳምንታት የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ማዘዝ የተለመደ አሠራር ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በአፍ የሚወሰድና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ በዚህ ረገድ ይዘወተራል። በሌላ በኩል ይኸው መድኃኒት አጥንት እንዳይጠግን ያደርጋል የሚል ሥጋት በባለሙያዎች ዘንድ ይነሣል። ልማዱም ሆነ ሥጋቱ በማስረጃ መመዘን ይኖርበታል።

ለሥጋቱ ዋነኛ መነሻ የሆነው ሀድልስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጭን አጥንታቸው የተሰበረ 60 አይጦችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለአንደኛው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለሁለተኛው ሴፋዞሊን ሲሰጡ ሦስተኛውን ያለ መድኃኒት ተዉት። መድኃኒቱ ከስብራቱ ሰባት ቀን በኋላ ተጀምሮ ለሦስት ሳምንት ቀጠለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰዱት አይጦች ጥገና መድኃኒት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በራጅ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ታየ፤ አዲሱ አጥንት ጥምዘዛን የመቋቋም ጥንካሬው በ16 በመቶ፣ ግትርነቱም በ49 በመቶ ቀነሰ። በጥገናው ውስጥ የሚገኙት የካርቲሌጅ ሕዋሳትም ቁጥራቸው አነስተኛ ነበር። ሴፋዞሊን በወሰዱት ላይ ግን በራጅ ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ጥናቱ ሁለት መድኃኒቶችን ጎን ለጎን ማነጻጸሩ ጠንካራ ጎኑ ነው። ሆኖም የአይጦቹ ስብራት ዝግ፣ ከቦታው ያልተዛነፈና ከቁስለት ነጻ ነበር። በመሆኑም መግል የቋጠረ አጥንት መድኃኒቱን ሲያገኝና ሲከለከል ምን እንደሚሆን ከዚህ ጥናት መረዳት አይቻልም። ባክቴሪያው ራሱ አጥንትን የሚያመነምንና ብረትን የሚያላላ ጠላት ነውና።

ለዚህ ማመዛዘኛ የሚሆነው ዚመርሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት የሰዎች ጥናት ነው። ብረታቸው ባልላላ፣ ነገር ግን በስታፊሎኮከስ በተመረዘ 33 ታካሚዎች ላይ ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ከጸዳ በኋላ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለከፊሎቹ ከሪፋምፒሲን ጋር፣ ለሌሎቹ ያለ ሪፋምፒሲን ተሰጠ። ሕክምናውን ከፈጸሙት መካከል ሁለቱንም ከወሰዱት 12ቱም ሲድኑ፣ ሪፋምፒሲን ካላገኙት 12 ሰዎች የዳኑት 7 ነበሩ። አይጥን የጎዳው መድኃኒት እዚህ ላይ የሰውን አጥንትና ብረት ከማዳን ተካፍሏል። የቲቢ በሽታ በሰፊው በሚገኝበት አገር ግን ሪፋምፒሲን ቲቢ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ወይም ብቻውን ሊታዘዝ አይገባም።

ሁለቱን ጥናቶች አብሮ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ቁም ነገር፣ የአይጡ ጥናት በይበልጥ የሚመለከተው መድኃኒቱ የማያስፈልገውን ታካሚ መሆኑን ነው። ዝግ ስብራት ኖሮት በንጹሕ ቀዶ ሕክምና ብረት የገባለት ሰው ከተራዘመ መድኃኒት የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ፣ አነስተኛ የጉዳት ጥርጣሬ እንኳ ሚዛን ይደፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያም የመከላከያ መድኃኒት ከቆዳ መቅደድ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥና ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ እንዳይቀጥል መክሯል።

ከስናን ወይም ከቢቡኝ ወጥቶ፣ አስቀድሞ በወጌሻ ታሽቶ፣ በተከፈተ ቁስል ዘግይቶ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ ገበሬ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሳይዘገይ የሚሰጥ የመርፌ መድኃኒት፣ ቁስሉን በብዙ ውሃ ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋና አጥንት ቆርጦ ማውጣት፣ ስብራቱንም አጽንቶ መያዝ ነው። አጥንትን ይጎዳል በሚል ፍርሃት መድኃኒት መንፈግ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ቁስሉን በሚገባ ሳያጸዱ ክኒን ብቻ ሰጥቶ ወደ ቀየው መመለስም እንዲሁ። በብረት ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ በራሱ ሽፋን ስለሚከለል ክኒኑ ብቻውን አያጠፋውም።

ስለዚህ በካርዱ ላይ መድኃኒቱ የታዘዘበት ምክንያትና የሚቆምበት ቀን ሊጻፍ ይገባል። መግል ሲኖርም የሚቻል ከሆነ ናሙናው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከጥልቁ ሥጋ ይወሰድ። ምክንያቱን ለመጻፍ የሚያዳግት ትእዛዝ ቢቀር ታካሚው የሚያጣው ነገር የለም።