ከበሩ እስከ ደረጃው

የኮንዶሚኒየም ነገር ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ዕጣው ይሄዳል፤ ወደ ቅድመ ክፍያው፣ ወደሚያፈሰው ቧንቧ። ፕላኑን እንደ አንድ ሥራ ቁጭ ብሎ የሚገመግም ሰው ግን ጥቂት ነው። ይገርመኛል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል ሙሽራ የገባበት፣ ይህን ያህል ልጅ ያደገበት ሌላ ንድፍ ያለ አይመስለኝም። ከካዛንቺስ ተነስቶ በቂርቆስ በኩል ወደ ጎተራ የሚወርድ ሰው የሚያያቸው ብሎኮች ለዚህ ግምገማ ይበቃሉ።

የሥራው መነሻ 1996 ዓ.ም. ገደማ ነው። አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ባመጣው የአነስተኛ ወጪ አሠራር ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ብሎኮች ቆሙ። ከዚያ ያው ሐሳብ በየክፍለ ከተማው ተባዛ። ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ይርከስ። ሊፍት እንዳያስፈልግ ቁመቱ ጂ ፕላስ አራት ላይ ተገታ። ግድግዳው ብሎኬት ሆነ፣ ደረጃውና መተላለፊያው ከሕንፃው ውጭ ተንጠለጠለ፣ ቤቱም የውስጥ ሥራው ሳያልቅ ለባለ ዕጣው ተሰጠ። ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስቱ ከዚያ በላይ። ከጭቃ ቤትና ከጋራ ሽንት ቤት ለወጣ ሰው የራስ ቧንቧና የሚቆለፍ በር ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚያቃልል ትችት አይጥመኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፕላኑ ቤተሰብን የሚያውቀው በመኝታ ቁጥር ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘገብ የሚፈልገውን የመኝታ ቁጥር መርጦ ሞላ። የካቲት 2011 ላይ ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ከእነዚያው ተመዝጋቢዎች ገና ተራ የሚጠብቁ ነበሩ። በወንደላጤነቱ ቅጽ የሞላ ሰው ቁልፉን ሲቀበል የልጆች አባት ሆኗል። ዕጣው ለዘገየበት ንድፍ አውጪው አይጠየቅም፤ ቤቱ ከሰው ዕድሜ ጋር ጥቂት እንኳ እንዳይለዋወጥ አድርጎ ስለ መሳሉ ግን ይጠየቃል።

ደግሞስ ወጣት ቤተሰብ ማለት እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ብቻ ሆኖ ያውቃል? ልጅ ሲወለድ የሚስት እናት ከክፍለ ሀገር ይመጣሉ። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን እስኪሆን ይቆያሉ። አራሷ ወደ ሥራ ስትመለስ ደግሞ ሞግዚት ትገባለች። በባለ አንድ መኝታው ፕላን ላይ ለአያትም ለሞግዚትም የተተወ ቦታ የለም። ሳሎኑ ሌሊት መኝታ ቤት ይሆናል፤ ጠዋት ገንፎ ሊቀምስ የመጣ ጠያቂ ከተጠቀለለው ፍራሽ አጠገብ ተጣብቦ ይቀመጣል። የገጠሩ ቤት ይህን ጥያቄ በመደብ ከመለሰው ቆይቷል፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ሌሊት ይተኙበታል። ከሳሎኑ ጥግ ወደ ውስጥ ገባ ያለች፣ በመጋረጃ የምትለይ፣ የአንድ አልጋ ስፋት ያላት ቦታ ብትሳል ካሬውን ብዙም አትነካውም ነበር።

የዚህ ሥራ ምርጡ ክፍል በፕላኑ ላይ እንደ ክፍል የተቆጠረ አይደለም። ወጪ ለመቆጠብ በውጭ በኩል የተንጠለጠለውን መተላለፊያ ማለቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆሞ ያየው ይረዳኛል። ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፣ አንዷ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ ከሰል ምድጃ በር ላይ ወጥቶ ቡና ይፈላል፣ ልብስ ይሰጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ያላት እናት በሯን ከፍታ ሥራዋን የምትሠራው ልጇን ጎረቤት ሁሉ ስለሚያይላት ነው። ሞግዚት መቅጠር ለማይችል ቤተሰብ ይህ ከአንድ ተጨማሪ መኝታ ቤት ይበልጣል። ንድፉ ግን የሠራውን ሳያውቅ ነው የሠራው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ጎኑን የሚሰጥበት ጠባብ ነው፤ የብረት መደገፊያውን ወላጆች ራሳቸው በሽቦ ወንፊት ሲሸፍኑት ይታያል። ግማሽ ሜትር ስፋትና ለሕፃን የታሰበ መደገፊያ ቢጨመርለት፣ ስለዚህ ፕላን የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ በሆነ ነበር።

ማእድ ቤቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ታስቦበት የከሸፈ። እንጀራ መጋገሪያው ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ እንፋሎቱም ጠባቧን ኩሽና ያጥለቀልቃታል። ፕሮግራሙ ይህን አውቆ በየግቢው ነዋሪው ኮሚናል የሚለውን የጋራ ቤት ሠራ፤ ለመጋገር፣ ለማጠብ፣ በግ ለማረድ። ሐሳቡን አደንቃለሁ። ቦታውን ግን አልቀበልም። ልጅ ያዘለች ሴት የሊጥ ባልዲ ይዛ ከአራተኛ ፎቅ እንድትወርድ፣ እንጀራውን ይዛ መልሳ እንድትወጣ የሚጠብቅ ሰው ጋግሮ አያውቅም። ስለዚህ ምጣዱ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ከኮሚናሎቹም ብዙዎቹ ተከራዩ። ቪየና ውስጥ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሴት አርክቴክቶች በነደፉት ፍራወን ቬርክ ሽታት በተባለው መንደር፣ ኩሽናው ልጅ ከሚጫወትበት ግቢ ጋር በዓይን እንዲገናኝ ታስቦበታል። እኛ ዘንድ የሚገናኙት በአጋጣሚ ነው፤ ያውም በመተላለፊያው በኩል።

መንገዳችንን የጀመርንበት ካዛንቺስም የተነሳው ከመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ነው፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ፣ በአንድ ግቢም በርካታ ቤተሰብ ተጠጋግቶ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ተዛወረ። ያ የፈረሰው የጋራ ግቢ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ የሚያሳፍር ነበር፤ ናፍቆት ይህን አይሸፍንልኝም። ሕፃን ግን ከደጃፉ ወጥቶ የሚቆምበት መሬት ነበረው።

አሁን በዚህ መሃል ከተማ የሚሸጡት ረጃጅም አፓርታማዎች ለወጣት ቤተሰብ ተብለው ይተዋወቃሉ። ማስተር ቤድሩም፣ ጂም፣ ክፍት ኩሽና። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ለሰዓታት በሚቁላላበት አገር ኩሽናን ከሳሎን ያለ ግድግዳ ማገናኘት ሶፋውን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ወጥ ወጥ እንዲሸት መፍረድ ነው። ይህ ግን በአንድ ተንሸራታች በር ይስተካከላል። የማይስተካከለው በብዙዎቹ ሕንፃዎች መሃል የሚያልፈው፣ መስኮት የሌለውና ግራና ቀኙ የተዘጋ በር ብቻ የሆነው ኮሪደር ነው። የምድር ወለሉም ለሱቅና ለመኪና ይሰጣል፤ ክርስትናና ለቅሶ የሚያስተናግድ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አይተርፍም። ሲንጋፖር በመንግሥት ቤቶቿ ሥር የምድር ወለሉን ክፍት ትታ ሠርግም ለቅሶም እዚያው ይደረግበታል፤ ያውም መሬት ከእኛ ይልቅ በሚጠብባት ደሴት።

ይህን ስል ሻጮች ወጪውን ያነሱብኛል። የአፓርታማ ውል ያየ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ፤ የሚሸጠው ካሬ ብዙ ጊዜ የጋራ ቦታ ድርሻን ይጨምራል። ገዥው ለጨለማው ኮሪደር ለሳሎኑ በከፈለው የካሬ ዋጋ እየከፈለ ነው፤ የጎተራው ነዋሪ ግን ፀሐይ የሚገባበትን መተላለፊያ ያገኘው አገር ሁሉ ርካሽ ብሎ በናቀው ቤት ውስጥ ነው።