«ጭንቀት» ወይስ «ጫና»? በጉበት ሕክምና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ የቃል ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት በቋንቋው ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ አንባቢው ስለ ገዛ አካሉ ያለውን ግንዛቤም ያዛባል። በቫይረስ ሳቢያ ስለሚመጣው ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት የሚጻፈው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በመሆኑ፣ በመስኩ ከሚሠራባቸው ስያሜዎች አራቱን ቀጥለን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው «የወፍ በሽታ» ነው። ስያሜው በሕዝብ አፍ የኖረ ቢሆንም የሚያመለክተው የዓይንንና የቆዳን ቢጫ መሆን፣ ማለትም ምልክትን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ ግን ቢጫነት ሳያሳይ ጉበትን ለብዙ ዓመታት ሊጎዳ ይችላል፤ ቢጫነትም በበኩሉ ከሐሞት ቧንቧ መዘጋት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «የወፍ በሽታ» ለምልክቱ ይቆይ፤ ሕመሙ ግን «የጉበት ብግነት» ይባል።

ሁለተኛው «ሥር የሰደደ» የሚለው ቅጽል ነው። በዚህ ሕመም ረገድ ሐኪሙ ከ6 ወር በላይ የቆየ ማለቱ ሲሆን፣ አንባቢው ግን የማይነቀል ብሎ ይረዳዋል። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ቅጽሉን አንቃወምም፤ ተርጓሚው ግን የጊዜውን ልክ አብሮ ይግለጽ።

ሦስተኛው ሜታቦሊካዊ ችግርን «የምግብ አለመፈጨት» ማለት ነው። ይህ አንባቢውን ወደ ጨጓራ ይወስደዋል። የተባለው ግን በሕዋስ ውስጥ ንጥረ ምግብ የሚገነባበትና የሚፈርስበት ሂደት መዛባት ነው። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፤ በተለይም ዝርያ 3 የተባለው በጉበት ውስጥ ስብ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ችግሩ የሆድ ነው የተባለ ሕመምተኛ የደም ስኳሩን ለማስመርመር ምን ያነሣሣዋል? በመሆኑም «ሜታቦሊዝም» ከነፍቺው በውሰት ቢገባ እንመርጣለን።

አራተኛውና ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን «ኦክሲዳዊ ጭንቀት» ነው። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1985 ሄልሙት ዚስ ሲያብራራው፣ በኦክሲዳዊ ኃይሎችና በፀረ ኦክሲዳንት መከላከያ መካከል ያለው ሚዛን ወደ ቀዳሚዎቹ ማጋደሉን ማለቱ ነበር። በሄፓታይተስ ሲ የቫይረሱ ፕሮቲን ማይቶኮንድሪያን ሲያውክ ጎጂ የኦክሲጅን ውሁዶች ይበዛሉ፤ እንደ ግሉታታዮን ያለው መከላከያም ይመናመናል። «ስትረስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቁስ አካልን ጫናም የመንፈስን ጭንቀትም ይሸከማል፤ አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቶ ይጠራል። ይህን ልዩነት የዘነጋ ትርጉም ሕመምተኛውን ጉበቱ በሐሳብ ብዛት የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ «ኦክሲዳዊ ጫና» እንላለን። «ጫና» የሚዛንን መዛባት አይገልጽም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ጭነት ጫና የሚሆነው ከአጋሰሱ ጉልበት ሲበልጥ ስለሆነ፣ ንጽጽሩ በቃሉ ውስጥ አለ።

የስያሜ እርማት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሕክምና ማኅበራት «አልኮል ያላስከተለው ስባም ጉበት» የሚለውን ስያሜ፣ በሽታውን ባልሆነው ነገር የሚገልጽና ሕመምተኛውን የሚያሸማቅቅ ነው ብለው በሌላ ተክተዋል። የስያሜው ባለቤቶች ይህን ካደረጉ፣ እኛ የተርጓሚ ስሕተት የወለደውን «ጭንቀት» የምናቆይበት ምክንያት አይታየንም።